ይህ ሰው በሬ ሸጦ አያውቅም

ቴያትር የኑሮ መስታወት ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገሩ እውነት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ተድበስብሶ የቀረ ይመስለናል። በመስታወት ፊት የቆመ ሰው የገዛ ራሱን መልክ ያያል፤ ጉድፍ ቢኖርበት ይጠርጋል፤ ጥምጥሙ ቢያጋድል ያቃናል። መስታወቱ ጠማማ የሆነ እንደ ሆነ ግን የሌለበትን ጉድፍ ያሳየዋል፤ ከዚህም የከፋው የጎረቤቱን መልክ አጣሞ እያሳየ ጎረቤቱን እንዲንቅ ያስተምረዋል። ስለዚህ በመድረክ ላይ የሚቆመው ሰው እውነተኛ ሰው መስሎ መታየት አለመታየቱ የጥበብ ሰዎች ብቻ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛውንም፣ መምህሩንም፣ ተማሪውንም የሚነካ ነገር ነው ብለን እናምናለን። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን በሸጎሌ ያየነው አንድ ተውኔትና አጠገባችን ተቀምጠው የተመለከቱት አንድ ሽማግሌ የተናገሯት አንዲት ቃል ናት።

ሸጎሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዓል በቀረበ ቁጥር የቁም ከብት ገበያው ይደምቃል፤ ከገጠር የመጡ በሬዎችና በጎች፣ ባለቤቶቻቸው፣ ደላሎችና ገዢዎች አንድ ላይ ይደባለቃሉ። በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሙት አንድ ትንሽ የተውኔት ክበብ ስለዚሁ ገበያ የሚናገር አጭር ተውኔት አዘጋጅቶ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ታሪኩ ረጅም አይደለም፤ አንድ ባላገር በሬውን ሊሸጥ ወደ ከተማ ይመጣል፤ ደላላ ያታልለዋል፤ አቤቱታውን ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ያለው ጸሐፊ «ነገ ተመለስ» ይለዋል፤ በመጨረሻም ገንዘቡ ተመልሶለት ወደ አገሩ ይሄዳል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የአዘጋጆቹም ፍላጎት ለባላገሩ መቆርቆር እንጂ ባላገሩን መስደብ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሆኖም ባላገሩን ሆኖ የተጫወተው ወጣት በመድረኩ ላይ ብቅ ሲል ያየነው ሌላ ነገር ነበር። የተቦጫጨቀ ቁምጣ ለብሷል፤ እግሩን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተቀብቷል፤ ዱላውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል፤ ሲናገር ይጮኻል፤ ፎቅ ባየ ጊዜ አፉን ይከፍታል፤ የእጅ ስልክ ሲጮኽ ጋኔን እንደ ሰማ ሰው ዘሎ ይደነግጣል። ተመልካቹ ከልቡ ሳቀ፤ እኛም እውነቱን ለመናገር ከሳቁት ወገን ነበርን። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። በዓሉን በልጃቸው ቤት ለመዋል ከገጠር የመጡ ሰው ነበሩ፤ የእጅ ስልካቸውም በኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ጥቂት ቆይተው፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ፣ «ይህ ሰው በሬ ሸጦ አያውቅም» አሉ።

ተውኔቱ ካበቃ በኋላ «አባቴ፣ በምን አወቁት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ በሬ የሚሸጥ ሰው አይጮኽም» ሲሉ መለሱልን። «የጮኸ እንደ ሆነ እንደ ቸገረው ይታወቅበታል፤ ከታወቀበት ደግሞ ዋጋው ይወድቃል።» ስለ ጭቃውና ስለ ቁምጣው ምንም አልተናገሩም፤ ተሰደብን ብለውም አልተቆጡም። የነቀፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ተዋናዩ የሚወክለው ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚደብቅ አለማወቁን ነው። ስለ ቴያትር ካነበብነው ብዙ ገጽ ይልቅ ይህች አጭር ቃል ነገሩን ገለጠችልን።

በማግስቱ ወደ ገበያው ሄደን ግማሽ ቀን ቆመን ተመለከትን። ከሻጮቹ አንዱን መርጠን እርሱን ብቻ ስንከታተል ያየነው እንዲህ ነው። ሰውየው እጁን በበሬው ጀርባ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ገዢ ሲቀርብ ወደ ገዢው ሳይሆን ወደ ሌላ ያያል። ገዢው የበሬውን ሻኛ ይጨብጣል፤ ጎኑን ይዳብሳል፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይመረምራል፤ ባለቤቱ ግን ነገሩ እንደማይመለከተው ሁሉ ዝም ይላል። ዋጋ ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም። የተጠራለት ዋጋ ሲያንሰው አይቆጣም፤ ገመዱን በእጁ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ መልሶ ያላላዋል እንጂ። ገዢው ጥሎት ሄዶ እንደገና ሲመለስ ፊቱ አልተለወጠም፤ እግሩ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በመጨረሻ ዋጋው ተቆርጦ ገንዘቡን ሲቀበል ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ በሬውን ሲወስዱበት ግን ዞሮ አላየውም።

ይህን ሁሉ ስለ ምን እንዳደረገ የእርሻን ሥራ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሞፈር የሚጠመደው በጥንድ በሬ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሸጠ ገበሬ የቀረውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ በመቀናጆ ተራ እየጠበቀ ሊያርስ ይገደዳል፤ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅለትም። ስለዚህ የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ ያወጣ ሰው የሚሸጠው የኑሮውን ግማሽ ነው። ያስገደደው የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ሠርግ ወይም የቤተ ሰብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ምንም ይሁን ምን ገዢው እንዳያውቅበት ይፈልጋል። እንግዲህ ያ የመድረኩ ወጣት ሞኝነት አድርጎ ያሳየን ነገር በእውነቱ ብልሃት ነው፤ ፍርሃት መስሎ የሚታየንም ዝምታ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። በመድረክ ላይ አንድን ሰው ሰው የሚያደርገው ልብሱ፣ አነጋገሩ ወይም አረማመዱ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት አጥብቆ የሚፈልገው ነገርና ያንን ፍላጎቱን ከሌሎች ለመሰወር የሚያደርገው ጥረት ነው። ተዋናዩ ይህን ያወቀ እንደ ሆነ ልብሱም፣ ድምፁም፣ እጁም የሚሠሩትን ያገኛሉ። ይህን ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ሁሉም በየፊናቸው ይጮኻሉ።

ይህ ጉድለት ከየት እንደ መጣ ለመመርመር ወደ ቴያትራችን ታሪክ ጥቂት ብንመለስ አይከፋም። ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ሲጽፉ ተናጋሪዎቹን አውሬዎች ማድረጋቸው የታወቀ ነው። የዘመኑን አስተዳደር በግልጽ መንቀፍ በማይቻልበት ጊዜ ይህ ታላቅ ብልሃት ነበር። በተረት ውስጥ ቀበሮ ሁልጊዜ ተንኮለኛ ነው፤ አህያም ሁልጊዜ የዋህ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጠባይ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ተረቱ የሚፈልገው ምሳሌነታቸውን ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው በኋላ ነው። ዛሬ በብዙ መድረኮቻችን ላይ ሰው መሆናቸውን የምናውቃቸው ባላገር፣ ደላላ፣ የቤት ሠራተኛና የእንጀራ እናት ልክ እንደ ተረት አውሬ አንዳንድ ጠባይ ብቻ ተሰጥቷቸው ይቀርባሉ። ባላገሩ ሞኝ ነው፤ ደላላው ሌባ ነው፤ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

ሁለተኛው ምንጭ የንግግር ፍቅራችን ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰሉ ቅኔ አዋቂዎች የጻፏቸው ቀደምት ተውኔቶች በግጥም የተዋቡ ነበሩ፤ በየትምህርት ቤቱ በተማሪዎች አፍ ሲነገሩም ሕዝቡ የሚያደንቀው የቃሉን ጣዕምና የድምፁን ግርማ ነበር። በዚያን ዘመን የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ስለ ነበሩ ተመልካቹ ከተዋናዩ ይፈልግ የነበረው ቃሉን አሳምሮ እንዲያሰማው እንጂ ሰውየውን ራሱን ሆኖ እንዲታየው አልነበረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ከነጻነት በኋላም መድረኩ እየሰፋ ሲሄድ ይህ ልማድ አብሮ ዘልቋል። ልማዱን አንነቅፍም፤ በችሎት ፊት ቆሞ በላ ልበልሃ እያለ ይሟገት የነበረ ሕዝብ የንግግርን ጥበብ ቢወድ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን መሟገትና ሰው ሆኖ መታየት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ሲከፈት የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ስለ ዝግጅቱ ለመናገር ሳይሆን የታሪኩን ምንጭ ለማስታወስ ብቻ እናነሣዋለን። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው ንጉሡ የወታደሩን ሚስት ከወሰደ በኋላ ባልዮውን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ ያዝዘዋል። ወታደሩ ግን ጓደኞቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ እኔ በቤቴ አልተኛም ብሎ ከንጉሡ አገልጋዮች ጋር በደጅ ያድራል። በመጨረሻም የገዛ ሞቱ የተጻፈበትን ደብዳቤ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ሰውየው የሆነውን ነገር ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? መጽሐፉ አይነግረንም። ተዋናዩ ግን በልቡ ሳይወስን መድረክ ላይ ሊወጣ አይችልም። የማያውቅ ከሆነ ቃሉ የታማኝ ወታደር ቃል ነው፤ የሚያውቅ ከሆነ ግን ያው ቃል ንጉሡን ፊት ለፊት የሚወጋ ጦር ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚደበቀው ነገር ነው። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ የተዋናይ ንግግር ሰም ሲሆን የሰውየው ፍላጎት ወርቁ ነውና።

አንዳንድ ሰዎች እውነተኛነት ማለት እውነተኛ ልብስና እውነተኛ ዕቃ ማምጣት ይመስላቸዋል። በዚህ ነገር የሩሲያው ታላቅ የቴያትር መምህር ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የደረሰበት ስሕተት ትምህርት ይሰጠናል። እርሱና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ የሞስኮውን የጥበብ ቴያትር በ1898 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙ ከአራት ዓመት በኋላ ስለ ገበሬዎች ኑሮ የሚናገረውን የቶልስቶይን ተውኔት «የጨለማ ኀይል»ን አዘጋጁ። ቴያትሩ ታሪኩ ወደሚፈጸምበት ወደ ቱላ አገር ሄዶ ልብስና ዕቃ አመጣ፤ አልፎ ተርፎም ወጉን እንዲያስረዱ የገጠር ሰዎች ወደ ሞስኮ እንዲመጡ አደረገ። ከእነርሱም አንዲት አሮጊት በልምምድ ላይ ብቅ ባለች ጊዜ ከእውነተኛነቷ የተነሣ አጠገቧ ያሉትን ተዋንያን ሁሉ ሐሰተኛ አስመሰለቻቸው። ስታኒስላቭስኪ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የውጩን እውነት ሲከተሉ የውስጡን እንዳጡት ሳይሸሽግ ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቹ ያስተምር የነበረው እያንዳንዱ ተዋናይ «ይህ ሰው አሁን የሚፈልገው ምንድን ነው? እኔስ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ነው። ከሸጎሌው ሽማግሌ ቃል ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም ልብስም ጭቃም ሳይኖር ሰው ሲፈጠር ለማየት የሚሻ ከአገራችን ሳይወጣ ምሳሌ ያገኛል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የነበረው መሣሪያ ድምፁ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ አድማጩ ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ፣ ጉዱ ካሣን ከበዛብህ ለይቶ ያውቅ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ የሆነው ድምፁን ስለ ቀያየረ ብቻ አይደለም። ጉዱ ካሣን የሚያህል፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለውን ሊቅ፣ እንደ እብድ አላስጮኸውም፤ እኔ ትክክል ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው አድርጎ አናገረው እንጂ። እብድ መባሉ የሚያሳዝነን ስለዚህ ነው።

ምናልባት አንባቢ «ያየችሁት ኮመዲያ ነው፤ ኮመዲያ ካላጋነነ እንዴት ያስቃል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳቅን አንጠላም፤ ነገር ግን ሳቅ ሁለት ዐይነት መሆኑን መለየት ይገባል። አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚሳቅ ነው፤ ሰውየው እኛን ስለማይመስል ይሳቅበታል። ሁለተኛው ሰውየው እኛን በመምሰሉ የሚሳቅ ነው። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረው ሰው የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ ያሳየናል። በዚህ ሥራ የሚያስቀን የሠራተኛይቱ ዝቅተኛነት አይደለም፤ ስለ ዘርና ስለ ማዕረግ የሚጨነቁት ሰዎች ጭንቀታቸው ከልብ መሆኑ ነው። የሚጨነቁትን የሚጫወት ተዋናይ «እኔስ አልጨነቅም፣ እያሾፍኩ ነው» እያለ በዐይኑ ተመልካቹን የጠቀሰ እንደ ሆነ ቀልዱ ይሞታል። እንዲያውም ኮመዲያ ከኀዘን ተውኔት ይልቅ ቁም ነገረኛ ተዋናይ ይፈልጋል።

ወደ ሥራው ዝርዝር ስንመጣ የአማርኛ ተዋናይ ጥሩ መሣሪያ በእጁ እንዳለ ልናሳስብ እንወዳለን። አንድ ሰው ሌላውን «አንተ»፣ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ሲል ደረጃውን፣ ዕድሜውን፣ ቅርበቱንና ቅያሜውን በአንዲት ቃል ይናገራል። በሸጎሌው ተውኔት ባላገሩ ጸሐፊውን አንድ ጊዜ «አንተ»፣ ወዲያው ደግሞ «ጌታዬ፣ እርስዎ» ሲለው ሰማን፤ ተዋናዩ ለሳቅ ብሎ ነው። እውነተኛው ባላገር ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚወርደው ትዕግሥቱ ያለቀ ለት ነው፤ ያችም ለት ከባድ ናት። የልብሱም ነገር እንዲሁ ነው። ጋቢን አደግድጎ መቆም፣ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ፣ አፍን ሸፍኖ መቀመጥ፣ እያንዳንዱ በማን ፊት እንደ ተቆመና ምን ዐይነት ልብ ይዞ እንደ ተመጣ ይናገራል። ይህን የሚያውቅ ተዋናይ ጭቃ መቀባት አያስፈልገውም።

በሸጎሌ ያሉትን ወጣቶች ማመስገን የሚገባን እዚህ ላይ ነው። የሽማግሌውን ቃል ስንነግራቸው አልተቀየሙም። ባላገሩን የሚጫወተው ወጣት ሰፈሩ ውስጥ እያደገ አንድም ቀን ቆሞ ያላየውን ገበያ ለማየት ሄደ፤ ሦስት የገበያ ቀን ዋለበት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተውኔቱን እንደገና ሲያሳዩ ቁምጣው በንጹሕ ሱሪና በአሮጌ ኮት ተለውጦ ነበር፤ ጩኸቱም ቀርቷል። በሬ በመድረክ ላይ አልነበረም፤ ነገር ግን ወጣቱ የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ እጁን በሌለው በሬ ጀርባ ላይ ሲያሳርፍ ሁላችንም በሬውን አየነው። ተመልካቹ ሳቀ፤ የሳቀው ግን ደላላው ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲመለስና ባላገሩ በዝምታው ሲያሸንፈው ነው። ወደ መሥሪያ ቤቱ በሄደ ጊዜ ደግሞ ጋቢውን አደግድጎ ዝም ብሎ ቆመ፤ በአዳራሹም ሳቅ አልተሰማም።

በዚያን ጊዜ የተሰማንን ከአንባቢ አንሰውርም። እኛም የምንሠራው በጠረጴዛ ወዲህ ተቀምጠን ነው። እንደዚያ ጋቢውን አደግድጎ የቆመ ባለ ጉዳይ ስንት ጊዜ በፊታችን ቆሟል! የጠየቅነውን ወዲያው ስላልመለሰ አልገባውም ብለን፣ እንደ ደንቆሮ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ እንደ ሕፃን ቃል እየቆራረጥን ተናግረነው እናውቃለን። አሁን ስናስበው ያ ሰው ነገሩ የገባው ከእኛ ቀድሞ ነበር፤ በሬውን እንደሚሸጥ ሰው ችግሩን ደብቆ የእኛን ፊት ያነብብ ነበር እንጂ። እንደ ሞኝ እንድናየው ያስተማረን ማን ነው? ብዙ አስተማሪዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ለዓመታት ስንስቅበት የኖርነው የመድረክ ባላገር መሆኑን አንጠራጠርም።

የወጣቶቹ ሥራ ከነቀፋ ነጻ ወጣ ማለታችን አይደለም። ባላገሩ ሰው በሆነበት በዚህ በሁለተኛው ዝግጅት ጸሐፊው ብቻውን በተረት አውሬዎች መካከል ቀርቷል። ጥርሱን እየፋቀ «ነገ ተመለስ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ስለ ምን «ነገ» እንደሚል፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ያንን «ነገ» ሲናገር ምን እንደሚደብቅ ተዋናዩ አልጠየቀም። መልሱን የሚያውቁ ሰዎች ይህን መጽሔት ከሚያነብቡት መካከል ጥቂቶች አይደሉም። የባላገሩን ነገር ለማወቅ ያ ወጣት ሦስት የገበያ ቀን ቆመ፤ የጸሐፊውን ነገር ለማወቅ የሚሻ ተዋናይም ቢመጣ ቆሞ የሚመለከትበት ቦታ በእኛ ዘንድ ይገኛል። ምናልባት እየተመለከተን መሆኑን ባወቅን ጊዜ እኛም ጥቂት ሳንታረም አንቀርም።